ዳሩ ላይ የተጻፈችው መስመር

ስልኬ የጮኸው ዳንግላ ላይ ጋሪ ተሳፍሬ ወደ መነኸሪያ ስሄድ ነው። የደወለችው ፈንታ ነበረች፣ የእማማ አንጓች ልጅ። ፈንታ ሰላምታ የምታበዛ ሰው ናት፤ የሚስቴን ጤና፣ የልጆቼን ጤና፣ የዝናቡን ሁኔታ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። የዚያን ቀን ግን አንዱንም አልጠየቀችም።

«እማ አረፈች» አለችኝ። «ትናንት ቀበርናት። ነገ ሰልስቷ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነገ መጥተው ቁልፉን ሊወስዱ ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፤ የጻፍከው አንተ ስለሆንክ አንተው ናና አንብበው።»

«ዳሩ አለ?» አልኳት። የእናቷን ሞት የነገረችውን ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ እኔ ግን ጠየቅሁ።

«የምን ዳር? እኔ ማንበብ አልችል፣ በምን አውቄው? ወረቀቱ ያለበት ማሰሮ እንደታሸገ ነው» አለችና ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ኔትወርኩ ጠፍቷል።

ባለጋሪው ፊቴን አይቶ ፈረሱን ገታ አደረገው። «ምነው ወንድሜ፣ መርዶ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«ዘመድ ነው?»

ዘመዴ አልነበሩም። ጎረቤቴም አስተማሪዬም አልነበሩም። በሰው ፊት አንገቴን ያስደፉኝ ሴት ናቸው፤ ያውም የሚገባኝን። ባለጋሪው መልሱን ሲጠብቅ ቆይቶ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ብሎ ጉዞውን ቀጠለ።

ቁልፉ የምን ቁልፍ እንደሆነ ለመናገር ስለ እሳቸው መናገር አለብኝ። ስለ እሳቸው ለመናገር ደግሞ የራሴን ነውር ሳላወጣ አይሆንም።

እማማ አንጓች ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ከአዲስ ቅዳም ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ የሄደ ሰው ሰፊ ረግረግ ያገኛል፤ ዙሪያውን ገበሬው ለከሰል የተከለው የዲከረንስ ዛፍ ከቦታል። ከረግረጉ ጫፍ ላይ፣ ከመንደሩ ተለይተው፣ አራት ቤቶች አሉ። አራቱም የሸክላ ሠሪ ቤቶች ናቸው። በዚያ አገር ከእነዚያ ቤቶች የወጣ ድስት ወይም ገንቦ የሌለበት ጓዳ አይገኝም። ወደ እነዚያ ቤቶች የገባ ሰውም እንዲሁ አይገኝም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደግ ሴት ነበረች። ገበያ ስትወስደን ግን ሸክላ ተራ ስንደርስ እኔንና እህቴን በነጠላዋ ትሸፍነን ነበር። ድስቱን ትመርጣለች፣ በጣቷ ታንኳኳለች፣ ትከራከራለች፤ ከሻጯ እጅ ግን አትቀበልም፤ «መሬት ላይ አስቀምጪልኝ» ትላለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስመረቅ ይህንን ሁሉ ጥዬው የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

የረግረጉ ጥናት ወደ አገራችን የመጣው በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ ነው። ረግረጉ እየደረቀ፣ ከሥሩ የሚወጣው ምንጭም እየሳሳ ስለሄደ፣ ረግረጉን አጥሮ ከከብትና ከሰው መከልከል ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚል ነበር ጉዳዩ። ጥናቱን የምትመራው ከአዲስ አበባ የመጣች፣ እኩያዬ የምትሆን ዶክተር ናት። በመጀመሪያው ቀን መረጃ ሰብሳቢ ሆነን የተቀጠርነውን ሰበሰበችንና «እስከ ዛሬ ጥያቄውንም መልሱንም ይዘን የምንመጣው እኛ ነበርን። አሁን ግን የሚጠየቀውን የምታወጡት እናንተ የአገሩ ልጆች ናችሁ፤ የምትጠይቁትም እናንተ ናችሁ» አለችን። በኩራት ደረቴ ተነፋ። አገውኛውን ከእናቴ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ይዤ እኔ ያልተመረጥኩ ማን ሊመረጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

ኮሚቴ አቋቋምን። ሽማግሌ ገባበት፣ ቄስ ገባበት፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካይ ገባበት፣ ከአዲስ ቅዳም ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሳይቀሩ ገቡበት። ማን ቀረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። «ረግረጉን ለምን ይጠቀሙበታል?» ለሚለው ጥያቄ ምርጫዎቹን ቁጭ ብለን ያወጣን እኛው ነን። ለግጦሽ፣ ለሣር አጨዳ፣ ለውሃ፣ አልጠቀምበትም። በዚያው በረግረጉ አፈር በተሠራ ድስት የመጣልንን ሽሮ እየበላን ነው ያወጣነው። ሸክላ የሚል ከመካከላችን አልተገኘም።

ለእኔ የደረሰኝ የረግረጉ ጫፍ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነው የሄድኩት። ከመጀመሪያው ቤት አጥር ውጭ ቆምኩና «ቤቶች!» አልኩ። እጃቸው እስከ ክርን ጭቃ የለበሰ ሴትዮ ብቅ አሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚያዩ። ገና ከበሩ «ግባ እንጂ፣ ምነው ውጭ ቆምክ?» አሉኝ።

«የጥናት ነው፤ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅሽ» አልኳቸው። አንቺ ነው ያልኳቸው። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ማንኛዋንም ሴት አንቺ ብዬ አላውቅም።

«ጥሩ፤ ጠይቀኝ» አሉ። «መንገዱ አድክሞህ የለም? ቆይ ውሃ ላምጣልህ።»

ወደ ውስጥ ገቡ። እኔም ሄድኩ። ሮጥኩ ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልሮጥኩም፣ ሰው እንዳያየኝ ፈጠን ብዬ ተራመድኩ። ዲከረንሱ መሃል ስገባ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥኩና የአራቱንም ቤት መጠይቅ ሞላሁ። ስማቸውንና የትዳር ሁኔታቸውን ከቀበሌው ዝርዝር ገለበጥኩ። ልጅ አላየሁም፤ «ልጅ የለም» አልኩ። ከብትም አላየሁም፤ «አልጠቀምበትም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከታች «ረግረጉ ቢታጠር ፈቃደኛ ናቸው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አለማጣቴ ነው።

ውጤቱ የቀረበው ቆሰበር ላይ፣ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ነው። ከውጭ አገር ሁለት እንግዶች ነበሩ፤ ከወረዳ፣ ከቀበሌ፣ ከኮሚቴው የተጋበዘው ሁሉ መጥቷል። ዶክተሯ ገና መናገር ስትጀምር በር ላይ ጭቅጭቅ ተሰማ።

ዘበኛው «ስምሽ ዝርዝሩ ላይ የለም እኮ!» ይላል።

«እዚያኛው ዝርዝር ላይ ግን አለ ተብሏል» የሚል ድምፅ መለሰለት። «ሊቀ መንበሩ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያልተጠየቀ ቤት የለም፣ ሁሉም ተስማምቷል ብለው አስታውቀዋል። እኔ መቼ እንደተስማማሁ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

ድምፁን አወቅሁት።

ዶክተሯ «ይግቡ፣ ይግቡ» አለች። እማማ አንጓች በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው፣ አንዲት ሴት አስከትለው ገቡና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ረድፍ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ፊት ረድፍ ተዛወሩ። ጉንፋን እንደያዘው ሰው እያስነጠሱ፣ ስልክ እንደሚያናግር ሰው እየተነሱ፤ ሁሉም ሰበብ አላቸው። ዶክተሯ አላስተዋለችም።

ያልተጠየቀ ቤት የለም የሚለው ላይ ስትደርስ እማማ አንጓች እጃቸውን አወጡ። «እንግዲያውስ የእኔን መልስ አንብቡልኝ።»

ዶክተሯ ደስ አላት። እንዲህ ያለውን ነገር ነበር ስትመኝ የኖረችው። «በጣም ጥሩ! አዳነ፣ የእሳቸውን አውጣና አንብብላቸው።»

መጠይቆቹ ያሉበት ካርቶን ከጠረጴዛው ሥር ነበር። ጫማዬ ነክቶታል። «መጠይቆቹ ዳንግላ ቢሮ ናቸው» አልኩ።

«ዳንግላ ሩቅ አይደለም» አሉ ከኋላ። «እጠብቃለሁ።»

ይህችን ቃል ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። ሳይጮኹ፣ ሳይለምኑ፣ መሬት ላይ ድስት እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርገው ነው የሚያስቀምጧት። ስብሰባው ቀጠለ፤ እሳቸው ተቀመጡ። የሻይ ዕረፍት ሆነ፤ እሳቸው አልተነሱም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቤቷ አልነበረችም፣ ጎረቤት ነው የመለሰላት በል፤ ያልፋል» አለኝ። ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ነው ዶክተሯ እስክሪብቶ ወድቆባት ጎንበስ ያለችው። ቀና ስትል ካርቶኑን በእጇ ይዛለች።

«እዚሁ አይደለም እንዴ?» አለች፤ ገና እየሳቀች።

ማንበብ ግድ ሆነ። የሸክላ ሠሪ ልማድ ታውቃላችሁ፤ ዕቃ ከመሸጡ በፊት ሆዱን በጣት አንጓ ይመታል፤ ስንጥቅ ካለው ድምፁ ይናገራል። እማማ አንጓች እያንዳንዱን መልስ ሳነብ የፊታቸውን ወንበር ጀርባ ኳ ያደርጋሉ። ስም፣ ኳ። የትዳር ሁኔታ፣ ባል የሞተባት፣ ኳ። «ልጅ፣ የለም» ስል አብራቸው የመጣችው ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ፈንታ ነበረች። ቁርጥ እናቷን ነው የምትመስለው። አዳራሹ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ሳቀ፤ ከሳቁት አንዱ ሊቀ መንበሩ አቶ ሞላ ናቸው።

«ረግረጉን... አልጠቀምበትም።»

ኳኳታው ቀረ።

«ይኸስ ተሰንጥቋል» አሉ። «ማን ነው የጠየቀኝ?»

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሌላ ምን ይደረጋል?

አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አንተማ እንግዳዬ ነህ» አሉኝ። «ውሃ ላመጣልህ ገባሁ። ስመለስ አልነበርክም።»

አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እንግዶቹ ምን አለች እያሉ ክንዱን ይነካሉ፣ እሱ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ጠፍቶታል። ቃላቱ ከብደውት አይደለም። ከኋላቸው ያለውን ሁሉ ለመናገር አፍሮ ነው። በዚያ ክፍል ያለው የአገሩ ሰው ሁሉ ለምን እንደሄድኩ ያውቃል። አብዛኛውም በእኔ ቦታ ቢሆን ይሄድ ነበር። ያላወቁት እንግዶቹና ዶክተሯ ብቻ ናቸው።

«አልጠየቅኋቸውም» አልኩ። «ዲከረንሱ ውስጥ ተቀምጬ ነው የሞላሁት። የአራቱንም ቤት።»

«ለምን?» አለች ዶክተሯ።

አቶ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ተይው ዶክተር፣ ይኸ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው» አሉ።

«የማን ቤት?» አሉ እማማ አንጓች። «የእኔ ቤትማ ማን ገብቶ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል አሁን ጠይቀኝ። እዚሁ። ሁሉም ይስማ።»

ባዶ መጠይቅ አወጣሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ሥራ አልሠራሁም። አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ይመልሳሉ፤ «መልሰህ አንብብልኝ» ይላሉ፤ አነባለሁ፤ ኳ ያደርጋሉ፤ «ልክ ነው» ሲሉ ብቻ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ረግረጉ ላይ ስንደርስ ተነስተው መጡና ኮባውን እንግዶቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ውሃው ገና ያልደረቀ አፈር ነበር።

«ይኸ የረግረጉ ምሥራቅ ጥግ ነው። ሌላ ቦታ ቆፍሬ አይቻለሁ፤ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ይኸንን ካጠራችሁብኝ አራት ቤት ነው የምትዘጉት። ምንጩ ይድረቅ አላልኩም፤ እኔም ከዚያው ነው የምጠጣው። ግን ጠይቁኝ። ማን እንደሚቆፍር፣ የት እንደሚቆፍር፣ መቼ እንደሚተወው እኔ አውቃለሁ። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱን እንደምንደፍነውስ ማናችሁ ታውቃላችሁ?»

ማንም አያውቅም ነበር። አንድ የኮሚቴው ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው «ድስቱን እንጂ አፈሩን አስበነው አናውቅም» አሉ።

«ረግረጉን የሚጠቀመው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ቀርቶ ነበር። «እኔ» አሉ፤ «ልጄም፣ ከእኔ በኋላ እጇን ጭቃ የምታስነካ ሁሉ።» የመልሱ ሳጥን ጠባብ ነበር። «ራሳቸው» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

ኳ አላደረጉም። «አጎደልክ።»

«እማማ፣ ቦታ የለውም» አልኩ። እማማ ያልኳቸው ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወረቀቱን አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ዓይናቸው ግን ምንም አያመልጠውም። በጭቃማ ጣታቸው ኅዳጉን ነኩት። «ዳሩ ነጭ አይደለም? እዚያ ጻፈው።»

ወረቀቱን አግድም አዙሬ፣ ፊደሉን አጥብቤ፣ ዳሩ ላይ ጻፍኩት። አነበብኩ። ኳ። «ልክ ነው።» የጣታቸው አሻራ ከመስመሩ አጠገብ ቀረ።

ዶክተሯ ሪፖርቱን በሦስተኛው ቀን ሰረዘችው። ጥናቱ እንደገና ተጀመረ። እኔን ከሥራ ልታስወጣኝ ደብዳቤው ተጽፎ ነበር፤ እማማ አንጓች ሰው ልከው «ያ ሰውዬ አሁን ቤቴን አውቆታል፤ ሌላ የማያውቅ አትላኩብኝ» አሏት። ከአራቱ ቤት አንድ ሰው ኮሚቴው ውስጥ እንዲገባ ተደረገ፤ የገቡትም እሳቸው ናቸው። ረግረጉ ታጠረ፣ በምሥራቅ ጥግ በኩል ግን በር ተበጀለት። የበሩ ቁልፍም፣ አዳራሹ ውስጥ በሞላነው መጠይቅ መሠረት፣ ለእማማ አንጓች ተሰጠ። ቁልፉ በተሰጠበት ቀን ለቀበሌውም ለኮሚቴውም የዚያ መጠይቅ ኮፒ ሲታደል እሳቸውም ደረሳቸው። ገልበጥ አድርገው አዩና «ዳሩን በልቶታል» አሉ። እውነትም የኮፒ ማሽኑ ኅዳጉን ቆርጦት ነበር። «ኮፒው ለእናንተ ይሁን፤ ዋናውን ስጡኝ» ብለው ቆሙ። የቢሮው ኃላፊ ደንቡ አይፈቅድም ቢላቸው ምን እንዳሉ ትገምታላችሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ፤ ዋናውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ለሥራ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩባቸው አላውቅም። አዲስ መረጃ ሰብሳቢ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ነው የምንወስደው። አስቀምጠው ያስጠይቁታል፣ መልሶ ያስነብቡታል፣ አንድ ቃል ከራሱ ከጨመረ ጣታቸው ይቆማል። ላቡ ጠብ ሲል ፊታቸው አይለወጥም፤ ከሄደ በኋላ ግን እኔን ያዩና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቃሉ። ያሾፉብኝ ነበር። «አንተየ፣ ዛሬስ ከየትኛው ግንድ ሥር ሞልተህ መጣህ?» ይሉኛል። ቤታቸው እገባለሁ፣ መደቡ ላይ እቀመጣለሁ፣ ቆሎ ያቀርቡልኛል። ውሃ ግን ዳግመኛ አላቀረቡልኝም።

መጀመሪያ ረስተውት መሰለኝ። ከአንድ ዓመት በኋላ እንዳልረሱት ገባኝ። አንድ ቀን ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ ድፍረት አገኘሁና «እማማ፣ ጠምቶኛል» አልኳቸው። ከያዙት ገንቦ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ «ምንጩ እዚያ ነው፤ እግር አለህ» አሉኝ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገድ ላይ ማልቀሴን እዚህ ላይ ብናገር ምን ይጎዳኛል? ይቅርታ አድርገውልኛል ብዬ አምናለሁ። ያቺን አንዲት ነገር ግን ለራሳቸው አስቀሯት፤ መብታቸው ነበር።

በሰልስቱ ስደርስ ሰው ግቢ ሙሉ ተቀምጧል። ከመንደሩ የመጣ ሰውም አለ፤ ብዙ አይደለም፤ አለ ግን። አቶ ሞላ ከሁለት ሰዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ፈንታ ጥቁር ለብሳ፣ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ቆማለች።

አቶ ሞላ ክፉ ሰው አይደሉም። ቀበሌው ያንን የረግረጉን ምሥራቅ ጥግ ለወጣቶች የችግኝ ቦታ ሊያደርገው አስቧል፤ ወጣቶቹም ሥራ የላቸውም። «ፈንታ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው» አሉ። «ግን ሕግ ሕግ ነው። ቁልፉ የተሰጠው ለእናትሽ ነው። ይኸው የቀበሌው ኮፒ፤ ተጠቃሚ የሚለው ላይ ‹ራሳቸው› ይላል። እሷ ደግሞ የለችም።»

ፈንታ ወደ ቤት ገባችና አንድ ትንሽ ማሰሮ ይዛ ወጣች። የማሰሮው አፍ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል። እጄ ላይ አኖረችው፤ መሬት ላይ አላስቀመጠችውም። በድንጋይ ጠርዝ ጭቃውን ፈለፈልኩት። ወረቀቱ አራት ታጥፎ ውስጡ አለ። ስዘረጋው አንደኛው ጎን እርጥበት ይዞት ተጣብቋል፣ ዳሩም በዚያው በኩል ነው። በጥፍሬ ቀስ እያልኩ መለየት ጀመርኩ። ትንሽ ተቀደደ። ግቢው ሁሉ እጄን ያያል። ሲላቀቅ መጀመሪያ ያየሁት የደረቀ የጭቃ አሻራ ነው። አጠገቡ፣ አግድም፣ የእኔው ጠባብ ፊደል።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ስማቸውን፣ ልጃቸውን፣ ጉድጓዱን ክረምት ሲገባ እንደሚደፍኑት። ሳጥኑ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አዞርኩና «ልጄም፣ ከእኔ በኋላ እጇን ጭቃ የምታስነካ ሁሉ» ብዬ አነበብኩ። ከዚያ፣ በልማድ፣ «ልክ ነው?» አልኩ።

ሁልጊዜ መልስ ይመጣበት የነበረው መደብ ባዶውን ነው። ፈንታ መናገር አትችልም፤ ለራሷ መመስከር ይሆንባታል። ጎረቤቶቿም እንደዚያው። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሁላችንም ወደ አቶ ሞላ ዞርን።

አቶ ሞላ ኮፒያቸውን አዩ። የእኔን ወረቀት አዩ። ከሥራ ጓደኞቻቸው አንዱ የሆነ ነገር ሊያንሾካሹክ ሲጠጋቸው በእጃቸው መለሱት። በመጨረሻ ኮፒውን አጣጠፉና ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔም ነበርኩ» አሉ። «በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እማማ አንጓች ብለዋል። ልክ ነው።»

ተነስተው ፈንታን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብለው ሄዱ። ቁልፉ ከመቀነቷ አልተፈታም። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔም ሁለት ቀን ያቆየሁትን እንባ ለቀቅሁት።

ሰዉ ሲበተን ወረቀቱን አጣጥፌ ማሰሮው ውስጥ መለስኩና ልሰናበት ተነሳሁ። ፈንታ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «መንገዱ አድክሞሃል» አለችኝ። «ቆይ ውሃ ላምጣልህ።»

ገባች። ስትመለስ እዚያው ነበርኩ።